«ማንነቷ ያልታወቀችው ሴት» እኔ ነኝ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ፣ ከማስታወቂያው ገጽ በፊት፣ ስለ ደሴ አንዲት አጭር ዜና ነበረች። በከተማው ግድግዳዎች ላይ አጠራጣሪ የስልክ ቁጥር ተለጥፏል ትላለች። ማንነቷ ያልታወቀች ሴት በተቀዳ ድምፅ ነዋሪውን ግራ እያጋባች ነው፣ ማጭበርበር ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ ትላለች። ቁጥሩ ላይ ተደውሎ ምላሽ እንዳልተገኘም ታክላለች።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

ስሜን እዚህ አልጽፍም እንጂ ሰፈሬ ውስጥ ማንነቴ ያልታወቀው ለናንተ ዘጋቢ ብቻ ነው። ጡረተኛ ነኝ። ቴሌ ውስጥ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ «ማዞሪያ» በሚባልበት ዘመን። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ፊቴ ላይ ገመድና ቀዳዳ። «ኮምቦልቻን ስጭኝ»፣ «ሐይቅን ስጭኝ» ሲሉኝ ዋልኩ፣ ሲሉኝ አደርኩ። «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፣ ይቀጥላሉ?» እያልኩ ስንቱን ፍቅር ከመሃል እንደቆረጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ አውቶማቲኩ መጣ። ሰው በራሱ ጣት መደወል ጀመረ፣ እኔም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ነገሩ ማጭበርበር አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ከማንም አምስት ሳንቲም አልጠየቅንም።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምሮ አሁን ፒያሳ ስልክ ይጠግናል። ጥር ላይ አንድ ማታ ቡና እያፈላሁ መጣና «እታለም፣ ድምፅሽን አከራዪኝ» አለኝ። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሲያስረዳኝ ሦስተኛው ጀበና አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2001 ስቲቨን ስፒልበርግ ስለ አንድ ሮቦት ልጅ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ገና ሳይወጣ፣ በማስታወቂያው ላይ «ሰመር 2001» የሚለው ጽሑፍ ፊደሎቹ ትናንሽ ጭረት ነበረባቸው። ቆጥሮ ለደረሰበት ሰው ጭረቶቹ ስልክ ቁጥር ናቸው። ሲደውል ሰው አያነሳም፤ የተቀዳ መልእክት ነው የሚሰማው። ከዚያ ሌላ ፍንጭ፣ ከዚያ ሌላ። የፊልሙ ሠሪዎች ስም ዝርዝር ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት «የሚያስቡ ማሽኖች ሐኪም» ተብላ ተጽፋለች። እንዲህ ያለ ሥራ የለም። ስሟን ተከትሎ የሄደ ሰው ግድያ ውስጥ ይገባል፤ የተፈጠረ ግድያ፣ ግን እውነት የሚመስል። ሰባት ሺህ ያህል ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ተሰባስበው እየተጋገዙ ፈቱት። የጨዋታው ሠሪዎች የማይክሮሶፍት ሰዎች ናቸው። በአንድ ወቅት የሚያዘጋጁት ነገር ሲቆጠር 666 ሆኖ ስለተገኘ ጨዋታውን «አውሬው» አሉት። «ስም ጠፍቶ ነው?» አልኩት።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2004፣ ከዚያው ቡድን የወጡ ሰዎች ሌላ ሠሩ። «አይ ላቭ ቢስ» ይሉታል፤ ንብ እወዳለሁ ማለት ነው። ይኸኛው በሕዝብ ስልክ ነበር። የቦታው አቅጣጫ በቁጥር ይወጣል፣ ሰዓቱም ይወጣል። ሰዎች በየከተማው ሄደው ስልኩ ስር ይቆማሉ። ስልኩ ይጠራል። ያነሳ ሰው የታሪኩን አንድ ቁራጭ ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ ተዋናይዋ ራሷ በቀጥታ ታናግራቸው ነበር። ከታሪኩ ባለ ድምፆች የአንዷ ስም ምን መሰላችሁ? «ኦፕሬተር»። እዚህ ላይ ነው እሺ ያልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስፒልበርግም ሰባት ሺውም ሰው አላሸነፉኝም። ይቺ ስም ናት ያሸነፈችኝ።

ኬክ ውስጥ ስልክ ደብቀው የላኩም አሉ። በ2007 ለባትማን ፊልም ማስታወቂያ ነው። ኬኩ ላይ በክሬም ቁጥር ተጽፏል፣ ስትደውል ስልኩ ከኬኩ ሆድ ውስጥ ይጠራል። ይኼ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ እንለፈው።

እኛ ያለን ነገር የቤቴ የመስመር ስልክ ነበር፣ 033 ብሎ የሚጀምረው። ሰው ሁሉ ሞባይል ሲይዝ «ምን ያደርግልሻል?» ሲሉኝ ያላስቆረጥኩት። እና አንድ አሮጌ አንሰሪንግ ማሽን። የጎረቤቴ ልጅ ስንት ዓመት አልፎት ከአሜሪካ ያመጣችው ነው። ውስጡ ሁለት ትናንሽ ካሴት አለው። አንዱ የኔን ድምፅ ያሰማል፣ ሌላው የደዋዩን ይቀዳል። የሚሠራው በ110 ቮልት ስለሆነ ልጁ ትራንስፎርመር ገዛለት። አራት ጊዜ ከጠራ በኋላ ያነሳል፣ እኔ እናገራለሁ፣ «ጢጥ» ይላል፣ ተራው የናንተ ነው። በቃ። ልጁ በኮምፒዩተርም ይቻላል ብሎኝ ነበር። «የማላየውን ነገር ቤቴ አታስገባ» አልኩት።

ከዚያ ወረቀት አተምን። «መስመሩ አልተዘጋም። ይደውሉ።» ከታች ቁጥሩ። ፒያሳ፣ ሸዋ በር፣ ሰኞ ገበያ፣ መናኸሪያው አጥር ላይ ለጠፍን። ታሪኩ የኔ ነው። አንዲት ኦፕሬተር ማዞሪያው ሲዘጋ አንድ ሰው መስመር ላይ ቀርቶባታል። ከኮምቦልቻ የደወለ ሰው ነው። ደሴ ውስጥ ማንን እንደሚፈልግ ረስቷል። ትዝ የሚለው ቁርጥራጭ ነገር ብቻ ነው፣ እሱን ይነግራታል፣ እሷ ደግሞ ለደዋዩ ታቀብላለች። የሚፈልገውን ሰው ካገኛችሁለት መስመሩ ይገናኛል።

የመጀመሪያው ማታ ካሴቱ በአንድ ሰዓት ሞላ። ደስ ብሎን አዳመጥነው። «ሄሎ? … ሄሎ?» ጠቅ። «ሄሎ? ማን ልበል?» ጠቅ። አንዱ ስልኩን እፍ ይለዋል። አንዷ «ኧረ ሴትዮዋ ዝም አለች» ትላለች ለአጠገቧ። ግማሹ ካሴት ሄሎ ነው። ሌላው ደዋይ ደግሞ ሁለቴ አስጠርቶ ይዘጋል። ሚስኮል መሆኑ ነው፤ ማሽን መልሶ እንዲደውልለት!

እኛ አገር ለማሽን መናገር አለመድንም። ፈረንጁ «ጢጥ» ሲል ሰምቶ ሐሳቡን ዘርግፎ ይዘጋል። እኛ መልስ የማይሰጥ ጆሮ ያስደነግጠናል። ስልክ አገራችን ሲገባም እንዲሁ ነበር ይባላል። በፈረንጆች 1894 የአዲስ አበባና የሐረር መስመር መዘርጋት ሲጀመር፣ አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ካህናት ነበሩ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ዛሬ የናንተ ዘጋቢ «አጠራጣሪ» አለው። ቃሉ ተሻሻለ እንጂ ድንጋጤው ያው ነው።

ልጁ ተጨነቀ። እኔ ግን ምጣድ አጠገብ ቁጭ ብዬ መጣልኝ። በማግስቱ መልእክቴን ስጨርስ፣ ከ«ጢጡ» በፊት፣ አንዲት ቃል ጨመርኩ። «እንቆቅልሽ!»

ማታ ካሴቱን ከፈትነው። «ምን አውቅልሽ!» ልጁም፣ ሽማግሌውም፣ ሱቅ ጠባቂውም። «ምን አውቅልሽ!» አንድ ሰው መሪ ይዞ እየነዳ ይመስለኛል፣ ከኋላው ክላክስ ይጮኻል፣ እሱም «ምን አውቅልሽ» ይላል። እንቆቅልሽ ተብሎ ዝም የሚል ወሎዬ የለማ! አፉ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ማን ያስቆመዋል።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሰመረ። በየቀኑ ማታ አዲስ መልእክት እቀዳለሁ። ካርድ የሚቆጥረው በደዋዩ ላይ ስለሆነ ከ40 ሰከንድ እንዳይበልጥ አደርጋለሁ። አሜሪካ 800 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አላቸው፤ ሒሳቡ በባለቤቱ ነው፣ ደዋዩ አይከፍልም። እኛ ያንን አልቻልንም፣ ስለዚህ አጭር መናገር ነው። ሦስት ደቂቃ እየቆጠርኩ ላረጀሁት ለኔ ይኼ አይከብደኝም።

የመጀመሪያው ፍንጭ «ማን ነህ ሳይባል ገብቶ በላ» ነበር። አይጠየፍ አዳራሽ ነው፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ለማብላት ያሠሩት፤ የደሴ ልጅ በግማሽ ቀን ደረሰበት። ሁለተኛው ግን አዋረደኝ። «ራሱ ደሴ፣ ጅራቱ ኮምቦልቻ» አልኩ። በልቤ ሐረጎን ነው፣ ያንን ጥምዝምዝ ቁልቁለት። ማታ ካሴቱን ስከፍት ሰው ሁሉ «ቦርከና! ቦርከና!» ይላል። እውነትም ወንዙ ደሴን ነክቶ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አንድ አስተማሪ የሚመስሉ ሰው ደግሞ ደወሉ፤ «እመቤቴ፣ የቦርከና ራስ ወደ ኩታበር ነው እንጂ ደሴ አይደለም፣ ስለዚህ መልሱ ሐረጎ ነው» ብለው ዘጉ። በማግስቱ ሌላ ሰው ደውሎ «ትናንት ቦርከናን ያናናቀው ሰውዬ ማነው?» አለ። ካሴቱን እሱ አልሰማውም እኮ! ሻይ ቤት ተከራክረው ነው የመጡት። ለሁለቱም ፈረድኩ። በሐረጎ በኩል የሄደ አንድ ፍንጭ፣ በቦርከና በኩል የሄደ ሌላ ፍንጭ አገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ታሪኩን ስጠግን አደርኩ።

ልጁ እንደነገረኝ አሜሪካኖቹም እንዲህ ነበሩ። ተጫዋቹ ያላሰቡት ቦታ ሲሄድባቸው በማግስቱ ታሪኩን ወደ እሱ ያጥፉታል። በድምፅ ሲሆን ደግሞ ይኼ ይቀላል። ፊልም እንደገና አይነሣም። 40 ሰከንድ ድምፅ ግን ሽንኩርት እያቁላላሁ እቀዳዋለሁ።

ደግሞ ስልክ ድምፅን ያጠባል። የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርትዝ ያለውን ነው፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ደጅ ይቀራል። ስለዚህ የኔ ሳሎን እውነተኛ ማዞሪያ ይመስላል። ማንኪያ በብርጭቆ ባንኳኳ ገመድ የሰካሁ ይመስላል። ጉዳቱም አለ። ሦስተኛው ፍንጭ ላይ «ደዋዩ ስሙን ረስቷል፣ ያንጎራጉራል» ብዬ የሰፈር ማሲንቆ መቺ አስገባሁ። ቅኝቱን የለየ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ባቲ ከሆነ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ የሚያስወጣው መንገድ ጋ ወረቀት አለ። ግን ማሲንቆው በስልክ ሲያልፍ ዝንብ ሆነ። ሰው ትዝታም አለ፣ አምባሰልም አለ፣ አንዱ «ይኼ ቅኝት ሳይሆን የበር ማጠፊያ ነው» አለ። ማሲንቆ መቺው እስካሁን አኩርፎኛል።

መብራት ሲጠፋስ? ይኼን የምነግራችሁ ልጁ ሳይሰማ ነው። የመስመር ስልክ ኃይሉን ከማዕከሉ በገመድ ያገኛል፣ 48 ቮልት። ቤቴ ቢጨልምም ስልኩ ይጠራል። ማሽኑ ግን ሞቷል። እኔ አራት ጊዜ እስኪጠራ እጠብቅና አነሳለሁ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ደሴ ማዞሪያ ነው» እያልኩ እንደ ማሽን አነበንባለሁ። ስጨርስ በአፌ «ጢጥ» እላለሁ። እስካሁን የነቃብኝ አንድ ሕፃን ልጅ ብቻ ነው። «ማሽኗ ሳለች» አለ።

አሁን የጻፍኩበትን ዋና ነገር ልበል። ዜናችሁ አንድ እውነት አለው፣ እሱን አልክድም።

አሜሪካኖቹ አንድ ደንብ አላቸው። ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን በጭራሽ አይናገርም። እንዲያውም «ይህ ጨዋታ አይደለም» ይላል። ስልኩ እውነተኛ፣ ድምፁ እውነተኛ፣ ሰውም ይገባበታል። ልጁ ይህን ደንብ ይወደዋል። እኔም መጀመሪያ ወደድኩት። ማስታወቂያችን ላይ «ጨዋታ» የሚል ቃል ያልነበረው ለዚህ ነው።

በአሥራ አንደኛው ማታ ካሴቱ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «ምን አውቅልሽ» አላሉም። እንዲህ አሉ። «ልጄ፣ ማዞሪያው ከተመለሰ አንድ መስመር አገናኝኝ። ልጄ ነው። በ2014 ስልኩ ሲቋረጥ የተቋረጠ ነው። እኔ ስደውል ማግኘት አልቻልንም ትለኛለች። አንቺ ትችይ እንደሆን።» ዘጉ። የራሳቸውን ቁጥር አልተናገሩም። የኔ ስልክ ደግሞ የደዋይ ቁጥር አያሳይም።

2014 ጥቅምትና ኅዳርን ደሴና ኮምቦልቻ የነበረ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ስልኩ ሁሉ ዝም ያለበት ጊዜ ነው። እኔ ራሴ ጎንደር ያለችውን እህቴን አለች የለችም ሳልል ነው የከረምኩት። ያን ጊዜ ያልተመለሰ ስልክ ያለበት ቤት ብዙ ነው። እኔ ደግሞ «መስመሩ አልተዘጋም፣ ይደውሉ» ብዬ በየግድግዳው ለጠፍኩ። ያ ወረቀት ለአንዱ እንቆቅልሽ ነው፣ ለሌላው ተስፋ ነው። ይኼ አልታየኝም ነበር። እናንተ የጠረጠራችሁት ገንዘብ ነው። የወሰድኩት ግን ሌላ ነገር ነበር።

ልጁን ጠራሁት። ያን ማታ ጨዋታውን አቆምን። ወረቀቶቹን ዞሮ እንዲነቅል ነገርኩት፣ ያልደረሰባቸው ናቸው ዘጋቢያችሁ ያያቸው። ማሽኑ ላይ ይኼን ቀዳሁ። «አባቴ፣ ትናንት ስለ ልጅዎ የነገሩኝ። ይኼ ጨዋታ ነው፣ ማዞሪያው አልተመለሰም። ይቅር ይበሉኝ። ከማታው 12 ሰዓት ጀምሮ ማሽኑን አጥፍቼ እኔው አነሳለሁ።»

ሁለት ማታ ተቀመጥኩ። የሚደውለው ሁሉ «ምን አውቅልሽ» ነው። በሦስተኛው ደወሉ።

«ማዞሪያ እንደቀረማ አውቃለሁ» አሉኝ። «ድምፅሽን ነው ያወቅሁት። ኮምቦልቻ መጋዘን ስሠራ በቀን ሦስቴ ደሴን የምታገናኚኝ አንቺ አይደለሽ? አንድ ቀን እንኳ አልተገኘም ብለሽ ተስፋ ቆርጠሽ አታውቂም ነበር። እስቲ ልሞክር ብዬ ነው።»

አላስታወስኳቸውም። አስታወስኩ አልልም፣ እስካሁን ከዋሸሁት በላይ መዋሸት አልፈለግሁም። የልጃቸውንም የራሳቸውንም ቁጥር ነገሩኝ፣ ጻፍኩት። በሞባይሌ ደወልኩ፣ ያው የምታውቋት ሴትዮ መለሰች። መልሼ ደውዬ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ድሮ ኮምቦልቻ ሙቀት ትንሽ አወራን። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ይደውላሉ። ስለ ልጃቸው አንዳንዴ ያነሣሉ፣ አንዳንዴ አያነሡም።

ጨዋታው ከሳምንት በኋላ ተመልሷል። አዲሱ ወረቀት ከላይ በትልቁ «ጨዋታ» ይላል። መልእክቴም የሚጀምረው «ይህ ጨዋታ ነው፣ ገንዘብም የሚስጥር ቁጥርም አንጠይቅም» ብሎ ነው። ሽልማት ደርሶዎታል እያሉ ሰው የሚዘርፉ ደዋዮች በሞሉበት አገር ይኼን አለማለት ነበር ጥፋቴ። ልጁ «እታለም፣ አስማቱን ገደልሽው» ብሎ አንድ ቀን አኮረፈ። ማታ ካሴቱን ሲሰማ ተወው። ጨዋታ መሆኑን የሰማ ሰው «ምን አውቅልሽ» ለማለት አፍታም አይፈጅበትም። እንቆቅልሽ ድሮስ ጨዋታ መሆኑን ሸሽጎ ያውቃል? ለአሜሪካኖቹ ደንባቸው ይመቻቸው፣ እዚያ ማንም ማዞሪያ ይመለሳል ብሎ አይጠብቅም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እርማት ነው። «ማጭበርበር» የሚለው ይውጣ። «ማንነቷ ያልታወቀች» የሚለውን ከፈለጋችሁ ተዉት፣ ደስ ብሎኛል። «ተደውሎ ምላሽ አልተገኘም» የሚለው ግን በፍጹም ይስተካከል። ማሽኑ የደዋዩን ድምፅ ጮክ አድርጎ ያሰማል፣ እኔም ኩሽና ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ረቡዕ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ዘጋቢያችሁ መልእክቴን እስከ «እንቆቅልሽ» ድረስ አዳመጠ፣ ከ«ጢጡ» በኋላ ከጋዜጣው እንደሚደውል ተናገረ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አውቅልሽ» ብሎ ዘጋ። ካሴቱ እኔ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ ኦፕሬተር
ከደሴ